ሁለት ገጽ ይበቃል

ዲኑ ጠርተው አሉኝ፣ «መቶ ዓመት ሞልቶናል፤
የክፍሉን ታሪክ ጻፍ፣ ሁለት ገጽ ይበቃል።
ፎቶ ግራፍ ግባበት፣ ቀንና ስም ብቻ፣
ለእንግዶች የሚታደል፣ ለእራት መንደርደሪያ።»
ሠላሳ ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ቁልፍ የያዘ ሰው
«እሺ» እንጂ ሌላ ምን ይላል? ማንስ ይጠይቀው?

ወረድኩ ወደ ምድር ቤት፣ የቢራ በርሜል ማከማቻ ወደነበረው፤
የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል መጀመሪያው እዚህ ነው፤
ከፍልስፍና መምህራን ተርፎ፣ በልመና የተገኘ፣
ወንዙ በሞላ ቁጥር ግድግዳው ያላበ፣ ወለሉ የዋኘ።

ፕሮፌሰር ሄልመርሰን ከላይፕዚግ ሲመለሱ
በገለባ የታሸገ አንድ ሳጥን ነበር ጓዛቸው፦
የነሐስ ሰዓት፣ ሴኮንድን ሺህ ቦታ የሚሰነጥቅ፣
እንደ እንጨት ሳይሆን፣ እንደ ፀጉር።
የሰፈሩ ቄስ መጥተው፣ «ነፍስን በመንኮራኩር?»
ብለው ሳቁ።
«ነፍስን አይደለም፤ ነፍስ መልስ እስክትሰጥ
የምታስጠብቀንን ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ።
ቄሱ መሳቃቸውን ተዉ።

ሠላሳ ቃል ነበር። ሚዛን። ቢላ። ጨው። ንጉሥ። ቤት።
ቃሉ ይጠራል፤ ተፈታኙ የመጣለትን ይናገራል፤
መርፌው ይቆማል።
የመጀመሪያው ተፈታኝ ማዲስ ኦያ ይባላል፣
የሰዓቱ ጠጋኝ፣ ደመወዙ ከምድጃው ማገዶ ያነሰ፣
«ጨው» ሲሉት «ዓሣ» ያለ፣ «ንጉሥ» ሲሉት ያስነጠሰ።
(ማስነጠሱም ተመዝግቧል፤ አራት መቶ አሥር ሺኛ።)

ሌይዳ ካንግሮ ልትተይብ ገባች፣
ቆይታ ቆጠረች፣ ቆጥራም አሰላች፤
በፕሮፌሰሩ ስም ከታተሙት ሰንጠረዦች
ስንቱ የእርሷ እንደሆነ ቁጥሮቹ ይናገራሉ፤
ሰባትን እንደ እርሷ መቀነት የሚያስታጥቅ የለም።

ፕሮፌሰሩ የጀርመን ዘር ነበሩና፣ ጦርነቱ ሲመጣ
«ወደ አገራችሁ» ተብለው ከታሊን በመርከብ ሄዱ፣
ያልተወለዱበትን አገር በስተርጅና ሊለምዱ።
ሰዓቱን አልወሰዱም። «የክፍሉ ነው» አሉ።

ከዚያ ሌላ መንግሥት፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ የፊተኛው ተመልሶ፤
ልቦና በአዋጅ ቀረ፣ ከበሩ ላይ ስሙ ተልሶ።
ማዲስ ሰዓቱን ከድንጋይ ከሰሉ ክምር ሥር ቀበረው፤
በንብረት መዝገቡም «የዛገ ፓምፕ፣ አንድ» ብሎ አሰፈረው።

ሌይዳን በመጋቢት ሌሊት ወሰዷት፤
ባቡሩ ወደ ምሥራቅ፣ ስምንት ክረምት።
የደመወዝ ደብተሩ ግን «ፈቃድ ላይ ነች» ይላል፤
ማን እንደጻፈው አላውቅም። እጁ ይንቀጠቀጣል።

ስትመለስ ክፍሉ ነበረ፣ ስሙ አልነበረም።
መወልወያ ሰጧት። ወለወለች።
አንድ ማታ ማዲስ፣ ጎብጦ፣ ከሰሉን ገልጦ፣
ነሐሱን ዘይት ቀብቶ፣ ወንበር አራግፎ አስቀምጦ፣
«ዝርዝሩን በቃሌ ይዤዋለሁ» አላት።

ይህን የነገረኝ ደብተሩ ነው። ሁለት ዓምድ አለው፤
ግራው የድሮው፣ በራሷ እጅ፤
ቀኙ የማዲስ፣ ዶሮ የጫረችው የሚመስል።

ሚዛን፦ ፍርድ። ስድስት መቶ ሃያ።
ሚዛን፦ ዳቦ። ሦስት መቶ።
ቢላ፦ ሹካ።
ቢላ፦ በረዶ።
ቤት፦ በር። ሰባት መቶ አሥር። (ሰባቷ ታጥቃለች።)
ቤት፦

ከዚያ ባዶ ነው። ከሥሩ የማዲስ ጽሑፍ፦
«መርፌው ዙሩን ጨረሰ። እንደገና ጀመረ። አላቆምኩትም።»

ጻፍኩ። የተመሠረተበትን ቀን፣ የኃላፊዎቹን ስም፣
አገሪቱ ነፃ ስትወጣ በሩ ላይ የተመለሰውን ሰሌዳ፣
አሁን ፎቅ ላይ ተማሪዎች የሚፈጡበትን ስክሪን፤
ከመካከሉም፣ ሁለት ነጥቡን አስከትዬ፣ ያንን መስመር።

ዲኑ ረቂቁን አዩና መነጽራቸውን አወለቁ፦
«ይህ ባዶ ቦታ የማተሚያ ስሕተት ነው?»

«አይደለም» ለማለት
ስንት ሺኛ እንደፈጀብኝ አላውቅም፤
ሰዓቱ መስታወት ውስጥ ነው፣
ለእንግዶቹ ተወልውሎ።